ከሰዓት በኋላው የማን ነው?

ስለ አንዲት ስፖርተኛ ሴት ሲነሣ ብዙዎቻችን የምንጠይቀው ስለ ተሰጥኦዋ ነው፤ ማን አያት፣ ማን አሠለጠናት፣ ስንት አገባች፣ ስንት ተከፈላት። እኔን የሚከነክነኝ ከዚህ ሁሉ የሚቀድም ጥያቄ ነው። ጊዜውን ከየት አመጣችው? የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ወጥታ ጀምበር እስክታዘቀዝቅ ድረስ ኳስ ስታንከባልል ብታመሽ፣ ያን ሰዓት የሰጣት ማን ነው? ከየትኛው ሥራ ላይ ተቀንሶ ነው የተሰጣት? ሥራውንስ በእሷ ፈንታ የሠራው ማን ነው?

ጥያቄውን በሀዲያና በከምባታ ከተሞች ላይ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ኳስን እንጀራዋ አድርጋ እስከ ስዊድን፣ ማልታና አሜሪካ የዘለቀችው ሎዛ አበራ የከምባታዋ ዱራሜ ልጅ ናት። የተወለደችው በ1997 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ለሀዋሳ ከተማ ሁለት ዓመት ተጫወተች፤ ከደደቢት ክለብ ጋር የሊጉን ዋንጫ አነሣች፤ በተደጋጋሚ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነች፤ የሴቶች ብሔራዊ ቡድኑን፣ የሉሲዎቹን፣ ማሊያ ለበሰች። በ2020 ቢቢሲ በየዓመቱ በሚያወጣው የመቶ ሴቶች ዝርዝር ውስጥ ስሟ ተካተተ። የሕይወት ታሪኳን መዘርዘር ግን የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። እንዲህ ያለ የሥራ ዘመን እንዲኖር አስቀድሞ ምን መኖር አለበት? እኔ የምፈልገው ይህን ነው።

በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ፣ በሾኔም ሆነ በአንጋጫ፣ ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ካሉ የየቤቱ ጓሮ እንሰት ነው። መትከሉና እየነቀሉ ማዛወሩ በአብዛኛው የወንድ ሥራ ነው፤ መፋቁ ግን የሴት ነው። ቀረብ ብሎ ላየው ሥራው ይህን ይመስላል። ሳንቃው ዘንበል ተደርጎ ይቆማል። ሴትየዋ መሬት ላይ በተጎዘጎዘ የእንሰት ቅጠል ላይ ትቀመጣለች። ከግንዱ የተላጠውን ወፍራም ሽፋን ሳንቃው ላይ ትዘረጋና አንድ እግሯን አንሥታ የላይኛውን ጫፍ በተረከዟ ትይዘዋለች፤ ከዚያ የቀርከሃ መፋቂያዋን በሁለት እጇ ጨብጣ ወደ ታች ትገፋለች። እርጥቡና ነጩ እየተፋቀ ይወርዳል፤ ቃጫው ይቀራል። ሽፋኑ ይቀየራል፤ እግሩ እንደገና ይነሣል፣ እንደገና ይይዛል። ከዚህ በኋላ ገና ቆጮው ይብላላል፣ ቡላው ይጠልላል፣ ቃጫው ይሰጣል። በአንድ ቀን የሚያልቅ ሥራ አይደለም፤ ለአንዲት ሴትም ይከብዳል። ጎረቤታሞች ተጠራርተው፣ ሴት ልጆቻቸውን አጠገባቸው አድርገው ይሠሩታል። ልጅቷ የምትማረው እያየች ነው። ከሥራው ጋር አብራ እግሯ ለምን እንደተፈጠረ ትማራለች። እግር የሚይዝ ነገር ነው፤ እጅ እንዲሠራ እግር ባለበት ይጸናል።

በዚያው ሰዓት ወንድሟ ሜዳ ነው። ሜዳ ካልሆነም ጆተኒው ከቆመበት ደጃፍ፣ ወይም መንገድ ዳር ካለው የጠረጴዛ ቴኒስ ዙሪያ ይገኛል። እሱም ሥራ አያጣም፤ ከብት አለ፣ ሣር አለ፣ መላላክ አለ። ቢሆንም ሥራውን ሲጨርስ የተረፈው ሰዓት የራሱ እንደሆነ ቤተሰቡ ሁሉ ሳይነጋገር ተስማምቷል። የእሷ ሥራ ግን አያልቅም። ውኃው ተቀድቶ ሲመጣ እንጨቱ አለ፣ እንጨቱ ሲለቀም ሕፃኑ ያለቅሳል፣ ሕፃኑ ሲተኛ ለራት ጎመኑ ይቀነጠሳል። ትርፍ ሰዓት ብሎ ነገር በቀኗ ውስጥ አልተሠራም።

ጨዋታን ከሥራ የሚለየው ድካሙ አይመስለኝም፤ ኳስ እንሰት ከመፋቅ ባላነሰ ያደክማል። የሚለየው በጨዋታ ላይ የዋለው ሰዓት ምን አስገኘህ ተብሎ የማይጠየቅ መሆኑ ነው። የሚጫወት ልጅ ለምንም የማይውል ሰዓት ተሰጥቶታል። አንድን ሰው ለምንም ለማይውል ሰዓት የታመነ ማድረግ ትልቅ ክብር ነው፤ ከምንሰጠው ምግብና ልብስ የማይተናነስ ክብር። በሴት ልጅ ላይ የምንሰስተው ይህን ነው። ቤተሰብ ክፉ ሆኖ አይደለም። እናትየዋ ራሷ ያንን ሰዓት አግኝታ አታውቅም፤ ያላየችውን ከየት አምጥታ ለልጇ ትስጥ?

የዚያው አገር ሌላ ልጅ ሰዓቷን ሰርቃ ነበር ያገኘችው። ዶ/ር ቦጋለች ገብሬ ከዱራሜ ብዙም በማይርቅ ዛቶ በሚባል መንደር ነው የተወለዱት። ፊደል የቆጠሩት ውኃ ልቅዳ ብለው ከቤት እየወጡ፣ የውኃ መቅጃቸውን ደብቀው ወደ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት እየሄዱ ነው። ከመንደራቸው ሴቶች ልጆች ከአራተኛ ክፍል ያለፉ የመጀመሪያዋ እሳቸው ነበሩ። ኢየሩሳሌም ላይ ማይክሮባዮሎጂ ተማሩ፣ ወደ አሜሪካ ተሻገሩ፣ ካሊፎርኒያ ላይ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ከሁሉ ይበልጥ ለዚህ ጽሑፍ የሚስማማኝ ግን አሜሪካ ሳሉ ለሀገራቸው ገንዘብ ለማሰባሰብ ማራቶን ይሮጡ የነበረ መሆኑ ነው። በልጅነታቸው በተገረዘ አካል፣ ሌሎች በወሰኑበት አካል፣ አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ሮጡ። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ስለ ስፖርት ያለኝ አስተያየት ይለወጣል። ሩጫው ከገንዘብ ማሰባሰቢያነት አልፎ አካሉ የማን እንደሆነ የሚናገር ነበር ብዬ አምናለሁ።

ወደ ከምባታ ተመልሰው ከእህታቸው ከፍቅርተ ገብሬ ጋር የከምባታ ሴቶችን ማኅበር፣ በአጭሩ ኬኤምጂ የሚባለውን፣ የመሠረቱት በ1997 ነው፤ ሎዛ በተወለደችበት ዓመት። አጀማመሩ ዝነኛ ነው። ስለ ኤችአይቪ ሊያስተምሩ ሲነሡ የአገሩ ሰው የሚቸግረን ድልድይ ነው አላቸው፤ ልጆቻችን ወንዝ መሻገር አቅቷቸው ከትምህርት ቤት ይቀራሉ፣ ገበያም አይደረስም። ድልድዩን አሠሩ። ሰው ስለ ሴት ልጅ አካል ከእሳቸው ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። በ2002 አንዲት ሙሽራ ሳትገረዝ በአደባባይ ስትዳር ሰርጉን ለማየት ሕዝብ ጎረፈ፤ ሙሽራዪቱም ሳትሸማቀቅ ከእኔ ተማሩ የሚል ጽሑፍ ይዛ ቆመች። ሴት ሁሉ ይገረዝበት በነበረው በዚያ አካባቢ ድርጊቱን የሚደግፈው ሰው አሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከመቶ አምስት የማይሞላ ሆነ። ማኅበሩ ጠለፋንም ታግሏል።

ጠለፋን ያነሣሁት ለማሟያ አይደለም። የእግር ኳስ ልምምድ የሚያልቀው ሊመሽ ሲል ነው። ልጅቷ ታኬታዋን በፌስታል ይዛ ብቻዋን ወደ ቤት መመለስ አለባት። መንገዱ የሚያስፈራ ከሆነ ልምምዱ የለም፤ አሠልጣኙ የቱንም ያህል ቢያውቅ፣ ሜዳው የቱንም ያህል ቢያምር የለም። እንግዲህ የአንዲት ተጫዋች የሥራ ዘመን የሚጀምረው ከፊርማዋ፣ ከመጀመሪያ ጎሏም በፊት ነው። በድልድይ ይጀምራል፣ በውኃ ቧንቧ ይጀምራል፣ ሲመሽ ሴት ልጅ በማትነካበት መንገድ ይጀምራል። እነዚህን የሠሩት ሰዎች ስማቸው በስፖርት ገጽ ላይ አይወጣም። ዶ/ር ቦጋለች በ2019 መገባደጃ ላይ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሲያርፉ፣ የዱራሜዋ ልጅ ማልታ ላይ ጎል እያገባች ነበር። ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያገናኘ ዜና አላየሁም፤ እኔ ግን የአንድ ታሪክ ሁለት ምዕራፎች አድርጌ ነው የማያቸው።

ይህን ሁሉ ስናገር ችግሩ የከምባታና የሀዲያ ብቻ እንዳይመስል እፈራለሁ። ኳስን ለዓለም ያስተማረችው እንግሊዝ ራሷ ሴቶቿን ከሜዳ አባርራለች። በ1920 የገና ማግስት ሊቨርፑል ውስጥ በጉዲሰን ፓርክ የዲክ ኬር ሴቶች ቡድን ሲጫወት ለማየት 53 ሺህ ያህል ሰው ገብቶ ነበር። አንድ ዓመት ሳይሞላ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ጨዋታው ለሴቶች አይስማማም ብሎ በአባል ክለቦቹ ሜዳዎች ላይ ከለከላቸው፤ ክልከላው ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ቆየ። የተከለከለው ሕዝብ ስላልመጣላቸው አልነበረም፤ እጅግ ብዙ ስለመጣላቸው ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ሴት ስትጫወት ማየት አንድን ነገር ያናጋል። ለምንም የማይውል ሰዓት እንዳላት፣ ያንንም በአደባባይ እንደምታውለው ያሳያል።

የሜዳ ቴኒስ ሴቶች ደግሞ ሌላውን ግማሽ አስተምረውናል፤ ጨዋታ እንዴት እንጀራ እንደሚሆን። በመስከረም 1970 ሂዩስተን ላይ ዘጠኝ ሴቶች፣ ቢሊ ጂን ኪንግን ጨምሮ፣ በአንድ ዶላር ውል ፈረሙ። በዚያ ዘመን በአንዳንድ ውድድሮች ለወንዱ የሚሰጠው ሽልማት የሴቷን ብዙ እጥፍ ነበር፤ የቴኒስ ባለሥልጣናትም እንቀጣችኋለን ብለው አስፈራርተዋቸው ነበር። በ1973 የሴቶች ቴኒስ ማኅበር ተመሠረተ፤ በዚያው ዓመት ዩኤስ ኦፕን ለወንድና ለሴት እኩል ሽልማት ከፈለ። ዊምብልደን እስከዚያ ለመድረስ 2007ን ጠበቀ። አንዲት ዶላር ምግብ አትገዛም። ገበያ የሚያውቅ ሰው ቀልድ ሊላት ይችላል። ያቺ ዶላር የገዛችው ግን ስም ነው፤ ይህ የምሠራው ነገር ሥራ ነው፣ ዋጋ አለው፣ ዋጋውን የምደራደረውም እኔ ነኝ የሚል ስም። ቱኒዚያዊቷ ኦንስ ጃበር በ2022 እና በ2023 ለዊምብልደን ፍጻሜ ስትደርስ፣ ጎረቤታችን ኬንያዊቷ አንጄላ ኦኩቶዪ በ2022 በታዳጊ ሴቶች ጥንድ የዊምብልደንን ዋንጫ ስታነሣ፣ የቆሙት በዚያች ዶላር ላይ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ የሚያስቸግር ነገር ይመጣል። ለምንም የማይውለው ሰዓት ዋጋ ሲወጣለት ምን ይሆናል? ልጅቷ ከሥራ አምልጣ የሄደችበት ጨዋታ ተመልሶ ሥራ ሲሆንባት? የቴኒስ ተጫዋቿ ነገር ከሁሉ ይከፋል። በውድድር ያገኘችው ነጥብ የሚቆይላት 52 ሳምንት ነው፤ ከዚያ ይወድቃል፤ አምና ያሸነፈችውን ዘንድሮ ካልደገመች ደረጃዋ ይወርዳል። ብቻዋን ትጓዛለች፣ አሠልጣኟን ራሷ ትከፍላለች፣ ሲያማት የሚተካት የለም። የእግር ኳስ ተጫዋቿ አሥር ጓደኞች አሏት፤ ግን የእሷም ዕጣ በሌሎች እጅ ነው። እኛ አገር የሴቶች ክለቦች በአብዛኛው የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው፤ ሀዋሳ ከተማ፣ አዳማ ከተማ፣ አርባ ምንጭ ከተማ፣ መቻል፣ ኤሌክትሪክ፣ ንግድ ባንክ። በጀቱ የተወሰነበት ስብሰባ ላይ አጥቂዋ አልተቀመጠችም። ደመወዟ ግን እዚያ ነው የሚኖረውም የሚሞተውም።

ሎዛ በማልታው ሊግ በ2019/20 የውድድር ዘመን ለቢርኪርካራ 30 ጎል አስቆጥራለች። ከእነዚህ ሰባቱ የገቡት ክለቧ 17 ለ 0 ባሸነፈበት በአንድ ጨዋታ ነው። ይህ ውጤት ሲነገር ብዙ ሰው ወይ ይደነቃል፣ ወይ ደካማ ሊግ ነው ብሎ ያጣጥለዋል። እኔ ቆም ብዬ የማስበው ሰባተኛውን ጎል ነው። የመጀመሪያው ጎል ክለቡ መምራት ስለሚፈልግ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ያስተማምናል። ሰባተኛው ግን ለማንም አያስፈልግም። ነጥቡ ያው ሦስት ነው፣ ደመወዙ አይጨምርም፣ የተቃራኒዋ ግብ ጠባቂ ተስፋ ከቆረጠች ቆይታለች። ታዲያ አጥቂዋ ስለ ምን ትሮጣለች? ያን ኳስ ስለ ምን በደረቷ አውርዳ፣ ተከላካይዋን አልፋ፣ ሩቁን ማዕዘን ትመርጣለች? ሙያዋን ስለምታከብር ሊሆን ይችላል፤ ቀለል አድርጎ መጫወት ተሸናፊዋን መናቅ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። ከዚህም ሌላ አንድ ነገር አለ ብዬ አስባለሁ። በውሉ፣ በደመወዙ፣ በነጥቡ መካከል ያ የድሮው ሰዓት፣ ምን አስገኘሽ የማይባልበት ሰዓት፣ ተመልሶ ይመጣል። ሰባተኛውን ጎል ያገባችው ተቀጣሪዋ አይደለችም፣ የምትጫወተዋ ናት። ሙያ ጨዋታን አይገድለውም፤ ጠበብ ያለች ክፍል ይሰጠዋል፤ ጥሩ ተጫዋች የምትባለውም ያቺን ክፍል ሳትዘጋ ዓመታት የምትዘልቅ ናት።

ያ የውድድር ዘመን በመጋቢት 2020 በወረርሽኙ ምክንያት ተቋረጠ፤ ቢርኪርካራ ሻምፒዮን የሆነው ሜዳ ላይ ሳይሆን በውሳኔ ነው። ተጫዋቾቹ ዋንጫ አነሡ፣ የመጨረሻውን ፊሽካ ግን አልሰሙም። የስፖርተኛ ዘመን እንዲህ ነው። ጉልበቷ የራሷ ቢሆንም ማብቂያውን ሌላ ይወስነዋል።

እንሰት ያሳደገ ገበሬ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ችግኙ በተተከለበት አይተውም፤ ይነቀላል፣ ሥሩ ይስተካከላል፣ ሌላ ቦታ ይተከላል፤ ከዓመት በኋላ እንደገና። በየዝውውሩ ጥቂት ጠወልግ ብሎ ይሰነብትና ወፍሮ ይነሣል። የሎዛም መንገድ እንዲሁ ነው፤ ከዱራሜ ሀዋሳ፣ ከሀዋሳ ደደቢት፣ ከአዲስ አበባ የስዊድኗ ኩንግስባካ፣ ከዚያ ማልታ፣ ተመልሶ አዳማና ንግድ ባንክ፣ ከዚያም ዋሽንግተን። በየቦታው መጠውለግ ነበረበት። አዲስ ቋንቋ፣ አዲስ ብርድ፣ ኳስን በሌላ መንገድ የሚያስቡ ጓደኞች። ሰው ይህን ሲያይ ዕድለኛ ይላታል። ዕድል አለበት። ግን በእያንዳንዱ ዝውውር ውስጥ ሥር መቁረጥ አለ፤ ያን የሚቆጥርላት የለም።

መሄድ ለዚህ አገር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ከሆሳዕናና ከዙሪያዋ፣ ከከምባታም፣ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ይተማሉ። ሆሳዕና ውስጥ በደቡብ አፍሪካ ገንዘብ የቆመ ቤት የማያውቅ የለም። ሴት ልጆች ደግሞ ወደ ዐረብ አገር ይሄዳሉ፤ እዚያም የሚሸጡት ጉልበታቸውን ነው። ከሎዛ ጋር የሚያለያያቸው ጉልበት መሸጡ አይደለም፤ እሷም ሸጣለች። ልዩነቱ ወረቀቱ ላይ ነው። በእሷ ውል ላይ ስሟ ተጽፏል፣ ዘመኑ ተወስኗል፣ የምትሠራው በአደባባይ ነው፣ ሲያበቃ ወደፈለገችበት ትሄዳለች። በደላላ እጅ ድንበር የምትሻገረው እኩያዋ ስሟን የምታስረክበው በር ላይ ነው። ሁለቱም ጠንካሮች ናቸው። ጥንካሬ አንዷን ወደ ስታዲየም፣ ሌላዋን ወደ ሰው ቤት ጓዳ የሚወስደው በእነሱ ልፋት ልዩነት አይመስለኝም። ይህንን አስቤ የሎዛን ስኬት ለልጆች ምሳሌ አድርጎ በጭብጨባ ብቻ ማቅረብ ይከብደኛል። ጎበዝ ከሆናችሁ ትደርሳላችሁ የሚለው ምክር ያልደረሱትን ሰነፍ ያደርጋቸዋል፤ እነሱ ደግሞ ሰነፎች አይደሉም።

በ2021 ንግድ ባንክ ለመጀመሪያው የአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ ለማለፍ ናይሮቢ ላይ በተደረገው የምሥራቅ አፍሪካ ማጣሪያ ለፍጻሜ ደርሶ በኬንያው ቪሂጋ ኩዊንስ 2 ለ 1 ተሸነፈ። በ2023 እንደገና ለፍጻሜ ደርሶ በታንዛኒያው ጄኬቲ ኩዊንስ በመለያ ምት ተሸነፈ። በ2024 ክረምት ማብቂያ ላይ አዲስ አበባ፣ አበበ ቢቂላ ስታዲየም፣ ኬንያ ፖሊስ ቡሌትስን 1 ለ 0 አሸንፎ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አህጉሩ መድረክ አለፈ። በዚያ ቀን ሎዛ ሜዳ ውስጥ አልነበረችም፤ በዚያው ዓመት በተጀመረው የአሜሪካ ዩኤስኤል ሱፐር ሊግ ለዋሽንግተኑ ዲሲ ፓወር ፈርማ ነበር። ሜዳዋ የዋሽንግተኑ ኦዲ ፊልድ ስታዲየም ሆነ፤ ከተማዋም ከኢትዮጵያ ውጭ ኢትዮጵያውያን በብዛት ከሚኖሩባቸው አንዷ ናት።

ይህን የሰማ ሰው ምነው ትንሽ በቆየች ይላል። እኔም ብያለሁ፤ ስለዚህ ስሜቱን አልንቀውም። ነገር ግን ከዚያ ምኞት በስተጀርባ አንድ የቆየ ነገር ተደብቋል። የሴት ልጅ ሰዓት የቤተሰብ ነው ሲባል የኖረው አሁን የሴት ተጫዋች ዘመን የአገር ነው ወደሚለው ተሸጋግሯል። አገር ከቤተሰብ ትበልጣለች፤ ጥያቄው ግን ያው ነው፤ ያለሽ ሰዓት ለኛ ምን አስገኘ? የአጥቂ እግር የሚያገለግለው ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ዓመት ነው። ሌላው ሰው ሥራ በሚለምድበት ዕድሜ እሷ ጡረታዋን ማሰብ አለባት። በዚህ አጭር ዘመን ውስጥ የት እንደምትጫወት የመወሰን መብት ከማንም በፊት የእሷ ነው። የአገር ድርሻ ደግሞ ለመቆየት የሚያበቃ ነገር ማዘጋጀት ነው፤ በጊዜው የሚከፈል ደመወዝ፣ የማይበተን ክለብ፣ ጉልበቷ ሲጎዳ የሚያክማት ሐኪም። እነዚህ ሳይኖሩ ቆዪ ማለት አይገባም።

ከዚያ በኋላስ? ብርቱካን ገብረክርስቶስን፣ ረሂማ ዘርጋውን፣ ሽታዬ ሲሳይን የመሳሰሉት፣ ሉሲዎቹን ተሸክመው የኖሩት፣ የዘመናቸው ሪከርድ በቅጡ ተጽፎ አልተቀመጠላቸውም። ኢትዮጵያ በ2004 ደቡብ አፍሪካ ላይ በአፍሪካ ሴቶች ዋንጫ አራተኛ ወጥታ ነበር፤ የዚያን ቡድን ተጫዋቾች ስም አሥሩን የሚቆጥር ሰው ማግኘት ይከብዳል። በሜዳው ላይ ሌላ መንገድ ያገኙም አሉ። ሰላም ዘርአይ ብሔራዊ ቡድኑን አሠልጥናለች፤ ልድያ ታፈሰ በ2015 እና በ2019 የሴቶች ዓለም ዋንጫ በዳኝነት ቆማለች። ሆኖም የኋለኛው ዘመን በግለሰብ ብርታት የሚገኝ እንጂ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ አይደለም።

ወደ ከተሞቹ ልመለስ። ሆሳዕና ስታዲየም አላት፤ ሀዲያ ሆሳዕና በፕሪሚየር ሊጉ ሲጫወት ከተማው ሁሉ ይወጣል፣ ደስም ይላል። ዱራሜ፣ ሺንሺቾ፣ ዶዮገና፣ ሾኔ፣ ሁሉም ሜዳ አያጡም። ሜዳው ያለው ለማን እንደሆነ ማወቅ የፈለገ ሰው መግቢያው ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ አያስፈልገውም፤ በአሥር ሰዓት ሄዶ ማየት ይበቃዋል። እኔ ቢሰሙኝ የትምህርት ቤቶቹን ኃላፊዎች የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ሜዳው ለሴቶች ልጆች ብቻ ይሁን። ከልምምድ በኋላ በቡድን ሆነው የሚመለሱበት፣ አንዲት መምህርት የምትሸኛቸው መንገድ ይኑር። ውኃው ቅርብ ይሁን፤ ሰዓቱ የሚሰረቀው አሁንም እዚያው ላይ ነውና። ለወላጆችም በግልጽ ይነገር፤ ልጃችሁ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት የምትሠራው ሥራ የለም፣ ትጫወታለች ተብሎ።

ለዚህ በጀት ሲጠየቅ ስንት ተጫዋች ታፈራላችሁ መባሉ አይቀርም። ብልህ የሆነ ሰው ወዲያው የሎዛን ስም ጠርቶ ሌላ አሥር እንደሷ ያሉ እናወጣለን ብሎ ይመልሳል፤ ገንዘቡንም ያገኝ ይሆናል። እኔ እንዲህ ብሎ መመለስን እፈራለሁ፤ ሰዓቱን መልሶ ለዕዳ መስጠት ነውና። ከእነዚያ ልጆች አብዛኞቹ ተጫዋች አይሆኑም፤ ነርስ፣ ነጋዴ፣ መምህርት፣ እናት፣ እንሰት የምትፍቅ ሴት ይሆናሉ። ስንት ታፈራላችሁ ቢሉኝ ምናልባት አንድም እላለሁ፤ ለዚያም ቢሆን ሜዳው ይከፈትላቸው።